በስኪድ ስቲር ላይ የሚገጠም የግንድ መፍለጫ፦ የሥራ ማስታወሻ፣ ደብረ ብርሃን፣ 2017

መስከረም መጨረሻ፦ ሂሳቡ

በደብረ ብርሃኑ ጠባሴ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ቋሚውና አጠናው ለግንባታ ይሄዳል፤ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ለምጣድ ይሸጣል። ሜዳ ላይ የሚቀረው የግርጌው ወፍራም ግንድ ነው። ውስጡ የተጠማዘዘና ጉጥ የበዛበት ስለሆነ እንጨት ፈላጮች ሊነኩት አይፈልጉም፤ እሺ ቢሉም የሚጠይቁት የጉልበት ዋጋ ከእንጨቱ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ በርካሽ ይገኛል። ዳቦ ቤቶችና አረቄ አውጪዎች ደግሞ ከዚህ ግንድ የሚወጣውን ፍልጥ አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ እሳቱ ቶሎ አይበርድም። የግንባታ ቦታ የምጠርግባት ትንሿ ጫኚ ማሽን፣ ስኪድ ስቲር፣ ሥራ ፈትታ የምትቆምባቸው ቀናት ስላሉ ባልዲዋን አውጥቼ የግንድ መፍለጫ ልገጥምላት ነው።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ቶን ይገፋል?» ብሎ ነው። ቶኑ ቀላሉ ሂሳብ ነው። የማሽኗ ተጨማሪ የዘይት መስመር በደቂቃ 65 ሊትር ዘይት በ200 ባር ግፊት ይሰጣል። የውስጥ ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር የሆነ ጃክ (በዘይት የሚገፋ ፒስተን ያለበት ሲሊንደር) የፒስተኑ ስፋት 78.5 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ በ200 ባር 16 ቶን ይገፋል። ዲያሜትሩ 125 ቢሆን 25 ቶን ይደርሳል። ይሁን እንጂ የሚመጣው ዘይት ያው 65 ሊትር ነው። የ60 ሴንቲሜትር ጉዞ በትንሹ ጃክ ከአራት ሰከንድ ትንሽ በላይ ሲፈጅ በትልቁ ወደ ሰባት ሰከንድ ይጠጋል፤ መመለሻውም በዚያው ልክ ይረዝማል። እዚህ ላይ ፍጥነቱን መርጫለሁ፤ 16 ቶን አልበቃ ያለው ግንድ ከዳር ከዳር ይላጣል እንጂ ተሸክሞ የሚመልሰው የለም።

ከፍታውም በሂሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የኔ ማሽን ሞተር ቱርቦ ስለሌለው እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 65 ሊትር በ200 ባር ማለት ወደ 22 ኪሎዋት ነው። ሞተሩ ይህን ይሰጣል፤ እየገፋ መንዳት ግን አይታሰብም።

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ብረት ፍለጋ

ጃኩ የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው። ከፈረሰ ሎደር የወጣ፣ ዘንጉ 50 ሚሊሜትር፣ ጉዞው 60 ሴንቲሜትር፣ ዋጋው 38,000 ብር። የአዲሱን ዋጋም ጠይቄ ነበር፤ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሃይድሮሊክ ዕቃ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ሆኗል። ያገለገለ ጃክ ለሚገዛ ሰው ቀለሙ አያታልለው። ዘንጉን እስከ መጨረሻው አስወጥቶ በአውራ ጣት ጥፍር ከላይ እስከ ታች መፈተሽ ነው፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ክሮሙ ሄዷል፣ አዲስ ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚያትመው ላስቲክ) ቢገባበትም በጥቂት ቀን ይበላዋል። የመጀመሪያውን ጃክ በዚህ ምክንያት ትቼዋለሁ። ሁለተኛው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ዝገት ነጥቦበታል፤ እሱም ከመጨረሻው ጫፍ አጠገብ ስለሆነ ከጎሚኒው አይደርስም።

ጃኩ የሚያርፍበትን ቢም ከአንድ የፈረሰ መጋዘን ጣሪያ አገኘሁ። ቁመቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ አይ ቢም፣ ካታሎግ ላይ አይ ፒ ኢ 200 የሚባለው፣ በሜትር 22 ኪሎ የሚመዝን። በኪሎ 90 ብር ሂሳብ ርካሽ ነበር፣ ቅርብም ነበር፤ ስለዚህ እሱ ተገዛ። ባለ 20 ሚሊሜትር የላሜራ ቁርጥራጮች በኪሎ 140 ብር።

ጥቅምት አጋማሽ

ጃኩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ተፈታ። የሲሊንደሩ ውስጥ ንጹሕ ነው፤ ፒስተኑ ላይ ያለው ጎሚኒ ግን እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ሙሉ ጎሚኒ ተቀየረ፣ የኋላ ፒኑ ቡሽ ተሠራለት። 6,500 ብር።

ጥቅምት መጨረሻ፦ የመግጠሚያው ላሜራ

የስኪድ ስቲር ጥሩነቱ የፊት መግጠሚያው ለብዙ ስሪት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ላይኛው ከንፈር ሰያፍ ነው፣ ታችኛው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፣ በሁለቱ ውስጥ የማሽኑ ሰያፍ ፒኖች ገብተው ይቆልፉታል። ልኩን ከወረቀት ላይ ከማመን ይልቅ ከራሱ ከባልዲው ጀርባ በካርቶን ገለበጥኩት። ካርቶኑ የላይኛውን ከንፈር ማዕዘን ለመያዝ ስለሚለሰልስ በመጨረሻ ማዕዘኑን የያዝነው በቀጭን ቆርቆሮ ነው።

በያጁ ሁለቱን ቀዳዳዎች መጀመሪያ በሙሉ ልካቸው ሊቆርጣቸው ነበር። ተው አልኩት። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ላሜራውን መሳቡ አይቀርም፤ ቀዳዳው አስቀድሞ ከተቆረጠ ፒኑ አይገጥምም። ላይኛው ከንፈር ተበየደ፣ ቀዘቀዘ፣ ማሽኗ ላይ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ የፒኖቹ ጫፍ ጠመኔ ተቀብቶ ላሜራው ላይ ምልክት አደረገ። ቀዳዳው የተቆረጠው በዚያ ምልክት ነው። ሲቆለፍ ቅንጣት ያህል አይንቀጠቀጥም። በዚህ ሥራ ሁሉ ውስጥ በመጀመሪያው ሙከራ የሰመረው ይህ ክፍል ብቻ ነው።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ሽብልቁ

ግንዱን ለሚሰነጥቀው ሽብልቅ የመረጥኩት ያለቀ የግሬደር ምላጭ ነው። መንገድ ሥራ ላይ የተጣለ ምላጭ በ2,000 ብር ይገኝ ነበር፤ ካርቦኑ ከፍተኛ ስለሆነ ስለቱ አይታጠፍም። ችግሩም ከዚያው ከካርቦኑ ይመጣል። በቀዝቃዛው ከተበየደ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ጠንክሮ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም አንዳንዴ በማግስቱ ነው የሚታየው። ቁራጭ ላይ ሞከርነው፦ በተራው 6013 የብየዳ ኤሌክትሮድ፣ ሳይሞቅ። አመሻሹ ላይ ደህና ይመስል ነበር። ጠዋት በመዶሻ ሲመታ ብየዳው ከነሥሩ ተላቀቀ፤ የላሜራው ወገን ያዘ፣ የምላጩ ወገን ግን ግራጫና ሸካራ ሆኖ ተገነጠለ።

ስለዚህ ወደ 7018 ኤሌክትሮድ ዞርን። ይህ ኤሌክትሮድ እርጥበት አይወድም፤ እርጥበት ከጠጣ ሃይድሮጂኑ ወደ ብየዳው ገብቶ የሸሸነውን ስንጥቅ ራሱን ያመጣል። የኔ ፓኬት ክረምቱን ክፍት ሆኖ የከረመ ነው፤ ካርቶኑ ላይ በ350 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ይድረቅ ተብሎ ተጽፏል። የኤሌክትሮድ ማድረቂያ ምድጃ የት ይገኛል? ፍልጥ የምሸጥላቸው የዳቦ ቤት ባለቤት ትዝ አሉኝ። እሳቱ ተጠርጎ ዳቦው ከመግባቱ በፊት ምድጃቸው ከ300 ዲግሪ በላይ ነው።

«እትዬ፣ ይህችን ብረት ከዳቦው በፊት ላስገባት?»

«ደግሞ ብረት መጋገር ተጀመረ?»

«ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ሽታ የለውም።»

«ዳቦዬ ሽታ ካመጣ ያንን ሁሉ ፍልጥ በነጻ ታመጣታለህ።»

አላመጣም። ኤሌክትሮዱ እንደሞቀ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወደ ብየዳ ቤት ሄደ፤ በዚህ ከተማ ብርድ ልብስ አይጠፋም።

ምላጩ ከሥሩ ከሰል ተነድዶለት ሞቀ። ሙቀቱን የለካነው በውሃ ጠብታ ነው፤ ጠብታው ተንጫጭቶ ከመትነን ይልቅ ብረቱ ላይ እየተንከባለለ ሲሸሽ ከ200 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሳይቋረጥ ደጋግሞ መበየድ፣ በየመሃሉ የብየዳውን ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ ማንሳት፣ ሲያልቅ እንዲሁ እንደሞቀ ደረቅ አመድ ውስጥ መቅበር። መብራት መሃል ላይ እንዳይጠፋ ብቻ ነበር ጭንቀቱ፤ አልጠፋም። በማግስቱ ሲወጣ አመዱ ውስጥ ያለው ብረት ገና ለብ ይል ነበር። በመዶሻ ተመታ፣ በግራይንደር ተፈተሸ፣ ስንጥቅ የለም። የሽብልቁ ቁመት 25 ሴንቲሜትር ነው፤ ከጀርባው በሁለቱም ወገን የላሜራ ክንፍ ተበይዶለት እስከ 8 ሴንቲሜትር ይሰፋል። ስለቱን በጣም አላሾልነውም፤ ሥራው መሰንጠቅ ነው እንጂ መቁረጥ አይደለም።

ኅዳር አጋማሽ፦ የመጀመሪያው ሙከራ

በመጀመሪያው ዲዛይን ቢሙ መሬት ላይ ተኝቶ ጃኩና ሽብልቁ ከላዩ ነው የሚቀመጡት፤ ግንዱ ተነሥቶ ቢሙ ላይ ይጋደማል፣ በጃኩ ዘንግ ጫፍ ያለው ገፊ ወደ ሽብልቁ ይነዳዋል። ኦፕሬተሩ ጆይስቲኩ ላይ ባለው የአውራ ጣት ማብሪያ ዘይቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚልከው ተጨማሪ ቫልቭ አላስፈለገም። ይህ ገንዘብ አዳነ።

ጠዋት ውርጭ ነበር። ፓምፑ ገና ሲነሣ ይጮኻል፤ ዘይቱ ወፍራም ነው፣ እሱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው አየርም በዚህ ከፍታ ስስ ነው። በዝቅተኛ ዙር እስኪሞቅ መጠበቅ እንጂ ጋዝ መስጠት ፓምፑን መብላት ነው። ከዚያ ቀጫጭኑ ግንድ በደንብ ተፈለጠ። ተሰብስቦ የሚያየው ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ወፍራሙ ሲመጣ ግን ሦስት ነገር በተከታታይ ሆነ። በመጀመሪያ ዘይቱ ጋለ፤ ኩፕለሩ (ሆዙ ከማሽኗ የዘይት መስመር ጋር የሚገጠምበት ማያያዣ) እጅ አያስጠጋም። ቀጥሎ ከዘንጉ ሥር ዘይት ፊን ብሎ ወጣ፤ ጎሚኒው ፈንድቷል። ያንን ቀይረን በማግስቱ ጉጥ ያለበትን ግንዲላ ስንገፋ ሽብልቁ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ሲያዘነብል በዓይናችን አየነው። አቁመን ክር ወጥረን ስንለካ የቢሙ መሃል ወደ ላይ ጎብጧል፤ ጫፎቹ ወርደዋል። ግፊቱ ተለቅቆም አልተመለሰም።

ኅዳር መጨረሻ፦ ጎሚኒውና ዘይቱ

የጎሚኒው ምክንያት ኩፕለሩ ነው። የመመለሻው ወገን አሸዋ ይዞት ሙሉ በሙሉ አልገባም ነበር። ጃኩ ወደ ፊት ሲሄድ ከዘንጉ ወገን ያለው ዘይት መውጫ ካጣ እዚያው ይታፈናል፤ በዚያ ወገን ያለው ስፋት በዘንጉ ምክንያት ስለሚያንስ ግፊቱ ይበዛል። የኔው ጃክ ላይ 78.5 ለ58.9 ሲካፈል 1.33 ነው፤ 200 ባር የላከው ማሽን በሌላው ወገን 267 ባር ይፈጥራል። የማሽኗ ሪሊፍ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ ተከፍቶ ዘይቱን የሚለቀው) ያንን አያየውም። ዘንጉ ወፍራም በሆነ ቁጥር ይህ ይብሳል። አሁን ኩፕለሩ ከመገጠሙ በፊት ፊቱ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከተገጠመም በኋላ ቀለበቱ ተዞሮ መቆለፉ በእጅ ይፈተሻል።

ሙቀቱ ደግሞ የመልሱ ጉዳይ ነው። ጃኩ ሲመለስ 65 ሊትር ገብቶ በሌላው ወገን 87 ሊትር ይወጣል። የገዛሁት ግማሽ ኢንች ሆዝ ነበር፤ 87 ሊትር በእሱ ውስጥ በሰከንድ ከ11 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ለመልስ መስመር የሚመከረው እስከ አራት ሜትር ያህል ነው። ግፊቱ እንጨት ሳይነካ ሙቀት ሆኖ ያልቃል ማለት ነው። በሦስት አራተኛ ኢንች ሲቀየር ወደ አምስት ሜትር ወረደ። ሁለት ባለ 90 ዲግሪ ክርኖችም ወጥተው ሆዙ ሰፋ ባለ ቅስት እንዲሄድ ሆነ። ኩፕለሩ የማሽኗ ስለሆነ አልተነካም። 7,800 ብር ከነማስጨመቂያው። ዘይቱ አሁንም ይሞቃል፤ ግን እጅ ያስጠጋል።

ታኅሣሥ፦ ቢሙ

እዚህ ጋ ነው ሰዎች ስለ ቶን ሲጠይቁኝ ሌላ ነገር ልነግራቸው የምፈልገው። ጃኩ 16 ቶን ሲገፋ ሽብልቁና የጃኩ ኋላ እርስ በርስ ለመራራቅ ይታገላሉ፤ የሚይዛቸው ቢሙ ብቻ ነው። ማሽኗ ከዚያ ኃይል ምንም አትሸከምም። ኃይሉ ደግሞ በቢሙ መሃል አያልፍም፤ ከበላዩ ያልፋል። ርቀቱ ቢሙን ያጎብጠዋል።

ሂሳቡ ይኸው ነው። 16 ቶን 157 ኪሎኒውተን ነው። የጃኩ መሃል ከቢሙ ፊት 13 ሴንቲሜትር ይርቃል፤ ከፊቱ እስከ ቢሙ መሃል 10 ሴንቲሜትር ሲጨመር 23። የአይ ፒ ኢ 200 የመጎበጥ መቋቋሚያ 194 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ ከመጎበጡ ብቻ 186 ሜጋፓስካል (በብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው ጫና መለኪያ) ይመጣል፤ ከመሳቡ የሚመጣው 55 ሲታከልበት 241። ተራ የግንባታ ብረት በ235 እጁን ይሰጣል። ይህም ግንዱ በትክክል በጃኩ ቁመት ሲያርፍ ነው። ትልቅ ግንድ ሽብልቁን ከፍ ብሎ፣ ለምሳሌ በ20 ሴንቲሜትር ላይ ሲጫነው ቁጥሩ ወደ 300 ይወጣል። ቢሙ ባይጎብጥ ነበር የሚገርመው።

በያጁ ከሥር ላሜራ እናልብሰው አለ። ይቻላል፤ ግን የጎበጠውን ቢም ማቃናትም፣ ረጅም ብየዳ ጎትቶ እንደገና እንዳያጎብጠው መጠንቀቅም አለ። በምትኩ ኤች ኢ ቢ 160 ፈለግሁ፤ ቁመቱ አጭር፣ ክንፉ ሰፊ፣ በሜትር 43 ኪሎ ገደማ። የመጎበጥ መቋቋሚያው 311 ነው። ያው 16 ቶን በጃኩ ቁመት 135፣ ከፍ ብሎ ሲያርፍ ደግሞ 170 ሜጋፓስካል ይሰጣል። በተጨማሪም ሰፊው ክንፍ ለገፊው መንሸራተቻ ይመቻል። 1.8 ሜትሩ በኪሎ 160 ብር ወደ 12,300 ብር ወጣበት፤ ከአሮጌው ሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ሽብልቁን ከአሮጌው ቢም ያላቀቅነው ብየዳውን ሳይሆን ቢሙን በመቁረጥ ነው። ያ ሁሉ ማሞቅና አመድ እንደገና እንዳይመጣ፣ ከሽብልቁ ሥር የነበረው ባለ 20 ሚሊሜትር የላሜራ እግር እንዳለ ወጥቶ አዲሱ ቢም ላይ ተበየደ። ተራ ብረት ከተራ ብረት ጋር። ምላጩን ሁልጊዜ በላሜራ እግር ላይ አቁሞ መበየድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ከሽብልቁ ጀርባ ሁለት ሰያፍ ማጠናከሪያዎች እስከ ቢሙ ጫፍ ወርደዋል።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ መገልበጥ

ቢሙ ሲቀየር ዲዛይኑም ተገለበጠ። እንዲያው በቀጥታ ተገለበጠ፤ ቢሙ ከላይ፣ ሽብልቁና ገፊው ወደ ታች ተንጠልጥለው።

ምክንያቱ ግንዱ ነው። ዲያሜትሩ 60፣ ርዝመቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንዲላ ወደ 150 ኪሎ ይመዝናል። ቢሙ መሬት ላይ ሲሆን ይህን የሚያነሣው ሰው ነው፤ ማሽን ይዘን ሦስት ሰው ጎንበስ ብሎ እያቃሰተ ነበር። በተገለበጠው አሠራር ኦፕሬተሩ ቢሙን ግንዱ ላይ ዝቅ ያደርጋል፤ ሽብልቁ በአንዱ ጫፍ፣ ገፊው በሌላው ይወርዳሉ። ጃኩ ጨምቆ ይይዘዋል፣ ማሽኗ አንሥታ ክምሩ ዘንድ ትወስደዋለች፣ እዚያ ሲጨመቅ ተፈልጦ ይወድቃል። ማንም እንጨት በእጁ አይነካም። ቢሙ በማሽኗ ፊት በአግድም ስለሚሄድ ከመቀመጫው ሆኖ ሁለቱም ጫፍ ይታያል።

መፍለጫው ሙሉውን በእህል መጋዘን ሚዛን ላይ 290 ኪሎ መዘነ። ከ150 ኪሎ ግንድ ጋር ማሽኗ እንድታነሣ ከተፈቀደላት ክብደት በታች ነው፤ ሆኖም ክብደቱ ከባልዲ ይልቅ ወደ ፊት ስለሚርቅ ከፍ አድርጎ ተዳፋት ላይ መዞር ክልክል ነው። ክንዱ ሁልጊዜ ዝቅ ይበል።

የገፊው መንሸራተቻ ትንሽ አስቸግሯል። ቢሙ ከላይ ሲሆን ገፊው በክንፎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው፤ በመጀመሪያ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሚሊሜትር ክፍተት ሰጥተነው ነበር፤ የባሕር ዛፍ ሙጫና ቅርፊት ገብቶ አጣበቀው። ክፍተቱ ወደ ሦስት ሚሊሜትር ሲሰፋ ቆሻሻው ራሱ እየተገፋ ይወጣል። ቅባት አላደረግንበትም፤ ግራሶ አቧራ ይዞ ሞረድ ይሆናል።

ጥር፦ እንጨቱ

ነጭ ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በሳምንታት ውስጥ ሲፈለጥና ዓመት ፀሐይ መትቶት ሲፈለጥ ሁለት የተለያየ እንጨት ነው። እርጥቡ 60 ሴንቲሜትር ውፍረት እያለው በአንድ ግፊት ይከፈታል፤ የደረቀው 35 ሴንቲሜትሩ ማሽኗን አስጩሆ ሪሊፍ ቫልቩን ይከፍታል። ስለዚህ የቆየ ግንድ በርካሽም ቢሰጡኝ መግዛት አቁሜያለሁ። ተፈልጦ ይድረቅ እንጂ ደርቆ አይፈለጥም።

እርጥቡ ግን ቃጫ አለው። ሽብልቁ አልፎትም ሁለቱ ግማሾች በረጃጅም ቃጫዎች ተያይዘው ይንጠለጠላሉ። ገፊው በመጨረሻው ጉዞ ከሽብልቁ 12 ሴንቲሜትር ርቆ ነበር የሚቆመው። ገፊው ፊት ላይ የብረት ሳጥን በይደን ርቀቱን ወደ ሦስት ሴንቲሜትር ስናመጣው አብዛኛው ራሱን ችሎ ተለያየ። እስከ ዜሮ አላስጠጋነውም፤ ገፊውና ስለቱ ከተገናኙ 16 ቶን በራሳችን ብረት ላይ ነው የሚያርፈው።

አራት ቦታ የሚፈልጠውን የመስቀል ክንፍም ሠርተን ሞክረናል። ቀጥ ባለ፣ ከ30 ሴንቲሜትር በታች በሆነ ግንድ ላይ ግሩም ነው። ጉጥ ሲያገኝ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግንዱም ተቀርቅሮ በሰንሰለት ነው የሚጎተተው። በፒን የሚወጣና የሚገባ አድርገነዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመጋዘን አይወጣም።

የሽብልቁ ፊት ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል። የእንጨቱ ታኒን ብረት ሲነካ ቀለም ይሠራል፤ የፍልጡም ፊት እንደ ቀለም ጠብታ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል። አንድ ደንበኛ ዘይት ፈስሶበታል ብሎ ሊመልስ ነበር። ጭሱ ላይ የሚያመጣው ነገር የለም።

ጥር መጨረሻ፦ ፍንጣሪ

የማሽኗ ፊት ለፊት መስታወት የለውም፤ ወደ አገር ስትገባም አልነበረውም። ጉጥ ያለበት ግንድ ሲሰነጠቅ አንድ ቁራጭ ተፈናጥሮ የካቢኑን ምሰሶ መታው። የዚያኑ ቀን ሥራ ቆመ። በፌሮ ፍሬም ላይ የሽቦ መረብ ተበየደ፣ ከፊት ለፊት ተገጠመ፤ ከኋላ የመውጫው መስኮት ነጻ መሆኑ ተፈተሸ። 3,500 ብር። ሌላው ደንብ ማሽኗ ስትሠራ በአሥር ሜትር ውስጥ ሰው አይቆምም ነው፤ በተለይ ልጆች። ግንድ የሚያስተካክል ሰው መቅረብ ካለበት ኦፕሬተሩ ክንዱን መሬት ላይ ያወርዳል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ እጁን አውጥቶ ያሳያል። አንዱ በካቢን ውስጥ ሲጨምቅ ሌላው ግንድ እንዲይዝ ማድረግ ጣት መጠየቅ ነው።

የካቲት መጀመሪያ

እስካሁን የወጣው ወደ 132,000 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ጃኩ 38,000፣ የበያጁ የእጅ ዋጋ 18,000። አሮጌው ቢም፣ የመጀመሪያው ሆዝና የፈነዳው ጎሚኒ በከንቱ የሄዱ ናቸው። የጎበጠው ቢም ለሁለት ተቆርጦ የግንድ ማስቀመጫ ሆኗል።

የዳቦ ቤቷ ባለቤት የምድጃቸው አፍ ጠባብ ስለሆነ ፍልጡ 40 ሴንቲሜትር ይሁንልኝ ብለዋል። ግንዱ ሲያጥር ገፊው ባዶውን ብዙ ይጓዛል። ጃኩን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው መመለስ አያስፈልግም፤ ቢሙ ላይ 45 ሴንቲሜትር የሚያሳይ ነጭ መስመር ተቀባ፤ ኦፕሬተሩ ገፊውን እዚያ ሲደርስ ያቆመዋል። ቀለሙ በሙጫ ቶሎ ስለሚሸፈን መስመሩ በግራይንደር ተጭሮ ይቀባል።